አያትና ወላጅ በአንድ ልጅ ላይ ሲከራከሩ

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በሁለት አፍ ነው። አያት «ከዓራስነቱ ጀምሮ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ አባቱ መጥቶ እንደ ዕቃ አንሥቶት ይሂድ?» ትላለች። አባት ደግሞ «የወለድሁት እኔ፤ የገዛ ልጄን ለመውሰድ አማቴን ደጅ ልጥና?» ይላል። ሽማግሌ ሆኖ መካከላቸው የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ሲሰማ ሁለቱም ልክ ይሆኑበታል። ሕግ ግን ለሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም፤ የሚጠይቁት ነገር አንድ ይምሰል እንጂ አንድ አይደለም። ይህ ትምህርት ያንን ልዩነት ቀስ ብሎ ለማስረዳት የተጻፈ ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱም ወራቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ምሳሌው ለትምህርት የተሠራ ነው እንጂ የማንም ቤት ታሪክ አይደለም። አንዲት እናት በናታንያ ከተማ፣ ሔፍጺባ በሚባለው ሰፈር፣ ከወላጅ እናቷ ጋር በአንድ ቤት ትኖራለች እንበል። ከባሏ ከተለያየች ቆይታለች፤ እሱ ርሖቮት ሄዶ ሌላ ትዳር መሥርቷል። እሷ ታማ ሞተች። ሰባት ዓመት የሞላው ልጅ ከአያቱ ጋር ቀረ። ተዝካሯ እንኳ ሳይወጣ አባት «ልጄን አምጡ» አለ፤ አያት በሩን ዘጋች።

በቀድሞው ወግ ቢሆን ይህ ነገር ፍርድ ቤት ለመድረስ ሩቅ ነበር። በጎንደርና በትግራይ በነበሩት የኢትዮጵያ አይሁድ መንደሮች ልጅ የመንደሩም የዘመዱም ነበር። የመጀመሪያ ልጅ ጡት ሲጥል ወደ አያቱ ቤት ይሄዳል፤ እናት ሌላ ትወልዳለች፣ እርሻው አለ፣ ውኃው አለ። ልጁ አያቱን «እማ» እያለ፣ እናቱን በስሟ እየጠራ ያድጋል። «የአያት ልጅ» እየተባለ በቅብጠቱ ይታማል እንጂ ማን ሞግዚት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ቅር የተሰኘ ካለ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ቄሶቹ ይገሥጻሉ፤ ነገሩ በዚያ ያልቃል።

ሕዝቡ ወደ እስራኤል ሲገባ ደግሞ አያት በወረቀትም ላይ ከፍ ያለ ቦታ ያገኘ መስሎ ነበር። በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል የመጡት፣ በግንቦት 1991ም ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ የተጓጓዙት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ሲመዘገቡ፣ የብዙዎቹ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተጻፈው የአያት ስም ነው። ስለዚህ ናታንያ ውስጥ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው፣ ጎንደር ላይ የተቀበረ የቅድመ አያቱን ስም ሊሆን ይችላል። ስሙ የአያት መሆኑ ግን ለአያት ሥልጣን አልሰጠውም።

ሥልጣኑን የሚያከፋፍለው በ1962 የወጣው የእስራኤል የሕግ ችሎታና የሞግዚትነት ሕግ ነው። የዚህ ሕግ 14ኛ አንቀጽ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች የተፈጥሮ ሞግዚቶቻቸው ወላጆቻቸው ናቸው ይላል። ወላጅ ሞግዚት ለመሆን ማመልከቻ አያስገባም፣ ዳኛ አይሾመውም፤ ልጁ ሲወለድ ሥልጣኑ አብሮ ይወለዳል። 15ኛው አንቀጽ የሥልጣኑን ይዘት ይዘረዝራል። ልጁን መንከባከብ፣ ማስተማር፣ ሀብቱን መጠበቅ፣ በስሙ መቆም፣ ልጁን ይዞ መኖሪያውን መወሰን። ይህ ሁሉ ግዴታም መብትም ነው፤ ግዴታው ይቀድማል። 17ኛው አንቀጽ ደግሞ መለኪያውን ያስቀምጣል፤ ወላጅ ለልጁ የሚያደርገውን ሁሉ፣ ልጁን ከልብ የሚወዱ ወላጆች በዚያ ሁኔታ ውስጥ ቢሆኑ ለልጁ ጥቅም እንደሚያደርጉት አድርጎ መፈጸም አለበት።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። እናት ሞታለች። 28ኛው አንቀጽ እንደሚለው ከሁለት ወላጆች አንዱ ሲሞት ሞግዚትነቱ ለሌላው ወላጅ ይሆናል። ፍርድ ቤቱ በቂ ምክንያት ካየ ተጨማሪ ሞግዚት ሊሾም ይችላል፤ መነሻው ግን ይኸው ነው። አባት ከልጁ እናት ጋር የነበረው ጠብ፣ ርሖቮት መኖሩ፣ ሌላ ማግባቱ ይህን መነሻ አይለውጠውም። አያት ደግሞ ልጁ በቤቷ ስላደረ፣ በእጇ ስለበላ፣ በጀርባዋ ስላደገ ብቻ ሞግዚት አትሆንም። ብዙ አያቶች ይህን የሚያውቁት በክፉ ቀን ነው። ልጁ ወድቆ እጁ ሲሰበርና ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ሲል፣ ወረቀቱ ላይ ወላጅ ወይም ሞግዚት ይፈርም ይባላል። አያት እስክሪብቶውን ይዛ ትቆማለች። ትምህርት ቤት ለመቀየር፣ ፓስፖርት ለማውጣትም እንዲሁ ነው። ለሰባት ዓመት ቀንና ሌሊት ያሳደገች ሴት አንዲት ፊርማ የሌላት ሆና ትገኛለች። ያማል፤ ግን ሕጉ ይህ ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሆነም ማወቅ ይገባል። ልጅን የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ፍቅር ብቻውን ሥልጣን ቢሰጥ ኖሮ አክስትም አጎትም ጎረቤትም እየመጡ ይከራከሩ ነበር፤ ልጁም በየጊዜው የክርክር ዕቃ ይሆን ነበር።

ታዲያ አያት ምንም የላትም ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ነው ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት የሚያስፈልገው። አንደኛው ጥያቄ «ልጁ ከማን ጋር ይኑር?» ነው። ሁለተኛው «ልጁና አያቱ መገናኘታቸውን ይቀጥሉ ወይ?» ነው። በሁለተኛው ጥያቄ የአያት እግር ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል። የዚያው ሕግ አንቀጽ 28አ (በዕብራይስጡ በአሌፍ የሚጻፈው) ከወላጆች አንዱ ሲሞት፣ በልጁና በሟቹ ወላጆች መካከል ስለሚኖረው ግንኙነት ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ሊሰጥ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። አስቡት፤ ሕግ አውጪው በተለይ ያሰበው ልክ የእኛን ምሳሌ ነው። ልጇን የቀበረች እናት፣ የልጇን ልጅ ደግሞ በሕይወቱ እንዳትቀብር ነው። ልጁም እናቱን በሚያውቃት ሰው በኩል እንዲያውቃት ነው። ሁለቱም ወላጆች በሕይወት እያሉ አያቶች የሚያቀርቡትን ጥያቄም ፍርድ ቤቶች ያያሉ፤ በዚያ ጊዜ ግን ጥንቃቄው ይበረታል። ሁለት ጤነኛ ወላጆች ተስማምተው «ለጊዜው አይሆንም» ሲሉ ዳኛ በቀላሉ አይገባም።

የእኔ ምክር ከዚህ ይጀምራል። ብዙ አያቶች ለሁለተኛው ጥያቄ የነበራቸውን ጥሩ ክርክር፣ አንደኛውን በመጠየቅ ያበላሹታል። በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ልጁ መጥቶ ሰንበትን ከእኔ ጋር ያሳልፍ፣ በበዓል ቀን ይምጣ፣ በስልክ ያናግረኝ ብትል የምታገኘውን አያት፣ «አባቱ ሰው አይደለም፣ ልጁን ከናካቴው ስጡኝ» ስትል ታጣዋለች። አባት የተባለው ሰው ይህን ክስ አንብቦ ሲያበቃ በሩን የሚከፍትላት አይመስለኝም።

ይሁንና አንዳንድ ጊዜ አንደኛውም ጥያቄ እውነተኛ ነው። አባት ልጁን ጥሎ የጠፋ ሊሆን ይችላል። የሚመታ፣ በሱስ የተያዘ፣ ልጁን መንከባከብ የማይችል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሕጉ በሮች አሉት። የሞግዚትነት ሕጉ 68ኛ አንቀጽ ፍርድ ቤቱ የሕፃንን ጥቅም ለመጠበቅ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ሲያመለክት ወይም በራሱ ተነሣሽነት፣ ጊዜያዊም ቋሚም እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል። በ1960 የወጣው የወጣቶች እንክብካቤና ቁጥጥር ሕግ ደግሞ አደጋ ላይ ያለ ልጅን ከወላጁ ቤት እስከ ማውጣት ይደርሳል። ልጁ ሲወጣም የግድ ባዳ ቤት አይሄድም፤ በ2016 የወጣው የኦምና ሕግ ዘመድ ልጅን በአደራ ተቀብሎ የሚያሳድግበትን መንገድ ያውቃል። እነዚህ በሮች የሚከፈቱት ግን በአደጋ ወይም በጉድለት ቁልፍ ነው። የአያት ቤት መስፋቱ፣ የአያት ምግብ መጣፈጡ፣ የእንጀራ እናት መኖሯ በራሱ ጉድለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ የሁለት ቤቶችን ውድድር አያይም። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ወላጅ ወላጅነቱን መወጣት የሚችል ነው ወይ?» ብሎ ነው። ከቻለ ክርክሩ እዚያው ላይ ይዳከማል።

እዚያው ላይ ሙሉ በሙሉ ያበቃል ግን አልልም፤ ምክንያቱም ጊዜ የሚባል ነገር አለ። በ1973 ጎልድስታይን፣ አና ፍሮይድና ሶልኒት የተባሉ ሦስት ምሁራን የልጅን ጥቅም በሚመለከት ባሳተሙት ሥራ፣ ለልጅ ወላጁ ማለት በየቀኑ የሚያጎርሰው፣ ሲፈራ የሚያቅፈው ሰው ነው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የእስራኤል ፍርድ ቤቶችም ይህን ሐሳብ ያውቁታል። የሥጋ ወላጅ ዓመታት ዝም ብሎ ቆይቶ ሲመለስ ልጁ ሥር ሰዷል። መንቀሉ ልጁን ይጎዳል ወይ የሚለው ያን ጊዜ ከባድ ጥያቄ ይሆናል።

ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ፍርድ በአማርኛ የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ነው። ጉዳዩ የመጣው ከደቡብ ክልል ነው። የልጁ እናት ሞታለች፤ ልጁን ያሳደገችው አክስቱ ናት። አባት መጥቶ «ሞግዚቱ እኔ ነኝ» አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች ሕጉን ከፍተው ተመለከቱ፤ እናት ስትሞት ሞግዚትነቱ ለአባት ነው ይላል። ስለዚህ ለአባት ፈረዱ። እስከዚህ ድረስ የእስራኤሉ 28ኛ አንቀጽ የሚሄድበት መንገድ ነው። አክስቲቱ አልተወችም፤ እስከ ሰበር ወጣች።

ሰበር ችሎቱ የሥር ፍርዶቹን ሻረ። የቤተሰብ ሕጉ ለአባት ቅድሚያ መስጠቱን አልካደም። ያለው ነገር ይህ ቅድሚያ ከሕገ መንግሥቱ በላይ አይደለም ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2 ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ አለበት ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ3ኛው አንቀጹ ይህንኑ ይላል። እንግዲህ ለልጁ የሚበጀው አሳዳጊው ጋር መቆየቱ ከሆነ፣ «አባት ነኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ልጁን አያስነሣውም። የሰበር ውሳኔ ደግሞ በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ ይህ የአንዲት አክስት ድል ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የልጅ ጉዳይ የሚከራከር ጠበቃ ሁሉ ከሚጠቅሳቸው ፍርዶች አንዱ ሆኗል።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አትቸኩል። ይህ ፍርድ ናታንያ ላይ አያስገድድም፤ የሌላ አገር ፍርድ ነው። እስራኤልም ያንኑ የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1991 ማጽደቋ ግን ሐሳቡን ለመጥቀስ በር ይከፍታል። ከዚህም በላይ ፍርዱ አሳዳጊ ሁሉ ያሸንፋል አላለም። ያለው ይህን ነው፤ ወላጅ የመጀመሪያ ነው፤ የመጨረሻውን የሚወስነው ግን የልጁ ደኅንነት ነው። የዳኛው ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው።

ነገሩ አዲስ እንዳይመስላችሁ፣ በአይሁድ ሕግ ውስጥም አባትና ልጅ ያህል የቆየ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ባርሴሎና የኖሩት ረቢ ሽሎሞ ቤን አዴሬት እንደሰጡት በሚነገር አንድ መልስ ላይ፣ አባታቸው የሞተባቸው ልጆች ከእናታቸው ጋር ይሁኑ ወይስ ከአባታቸው ዘመዶች ጋር የሚል ጥያቄ ቀርቧል። መልሱ ባጭሩ፣ የየቦታው ፍርድ ቤት ለወላጅ አልባዎቹ የሚበጀውን አይቶ ይወስን፤ ፍርድ ቤት የወላጅ አልባ ልጆች አባት ነውና የሚል ነው። ከዚያ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ በክራኮው የነበሩት ረቢ ሞሼ ኢሰርሊስ ደግሞ ሰው አያቱን ማክበር እንዳለበት፣ የአባት ክብር ግን ከአያት ክብር እንደሚበልጥ ጽፈዋል። እነዚህን ሁለቱን አብሮ ያነበበ ሰው ዛሬ የቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚያደርገውን ያውቃል ማለት ይቻላል።

ሌላው ዓለም ወደ ወላጅ ይበልጥ ሊያደላ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ትሮክሰል በግራንቪል ተብሎ በሚታወቀው ክርክር፣ ልጃቸው የሞተባቸው አያቶች የልጅ ልጆቻቸውን በወር ሁለት ቅዳሜና እሑድ ለማየት ጠየቁ፤ እናት በወር አንድ ቀን ይበቃል አለች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 ለእናት ፈረደ። ብቁ የሆነ ወላጅ የወሰነውን ዳኛ «እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር» ብሎ ሊለውጠው አይችልም ነው ፍሬ ነገሩ። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በበኩሉ በ1979 ቤልጂግን በሚመለከት ጉዳይ ላይ፣ የቤተሰብ ሕይወት ሲባል የአያትና የልጅ ልጅ ትስስርም እንደሚገባበት አስታውቋል።

ከክርክር ይልቅ ጉልበት የሚመርጥም አለ። ይህን ስለ ሰዎቹ ሐዘን ስል በጥንቃቄ እናገራለሁ። ግንቦት 23 ቀን 2021 ሰሜን ጣልያን፣ ሞታሮኔ ተራራ ላይ በገመድ የሚሄድ ተሽከርካሪ ወድቆ 14 ሰዎች ሞቱ። ከእስራኤላዊ ቤተሰብ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ብቻውን ተረፈ፤ ወላጆቹን፣ ታናሽ ወንድሙን፣ ቅድመ አያቶቹን አጣ። የጣልያን ፍርድ ቤት የአባቱን እኅት ሞግዚት አድርጎ ሾመ። በመስከረም ወር የእናቱ አባት ልጁን ለጉብኝት እንደተቀበለ በመኪና ወደ ስዊዘርላንድ አሻግሮ፣ ከሉጋኖ በግል አውሮፕላን ወደ እስራኤል ይዞት መጣ። ብዙ እስራኤላዊ ልቡ ከአያቱ ጋር ነበር። ሆኖም የቴል አቪቭ የቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ጥቅምት 25 ቀን ልጁ ወደ ጣልያን እንዲመለስ ወሰነ። የይግባኙ ደጅ ሁሉ ተንኳኳ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኅዳር መጨረሻ አልተቀበለውም፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ ልጁ ተመለሰ። መሠረቱ እስራኤል በ1991 ሕጓ ያደረገችው የሔግ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ዳኛውን ማን ይበልጥ ይወደዋል ብሎ እንዲጠይቅ አያደርገውም። ልጁ ይኖር ከነበረበት አገር ሞግዚቱ ሳይፈቅድ ከተወሰደ ይመለስ፣ ክርክሩም እዚያው ይካሄድ ይላል። አያትነት እንኳን ለሌላው፣ በሐዘን ለተሰበረ አያትም ፈቃድ አልሆነም። ከሔፍጺባ ወደ ርሖቮት፣ ከርሖቮት ወደ ሔፍጺባ ልጅን በድንገት ከትምህርት ቤት በር ላይ አንሥቶ መሄድ ድንበር ስለማይሻገር የሔግ ጉዳይ አይሆንም፤ ለዳኛ የሚናገረው ነገር ግን ያው ነው።

አሁን ክርክሩ ራሱ እንዴት እንደሚሄድ እንይ፤ የእኛ ሰው የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ነውና። የአያት ክስ የሚቀርበው በ1995 በወጣ ሕግ ለተቋቋመው የቤተሰብ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነው። የረቢዎች ፍርድ ቤት የባልና ሚስትን ፍቺ ያያል፤ አያት በዚያ ፍቺ ውስጥ ወገን አይደለችም። ዳኛው ማመልከቻውን ካየ በኋላ ወዲያው አይፈርድም። በሕግ የተሾመች ማህበራዊ ሠራተኛ፣ ሰዉ ሶሺያል የሚላት፣ ሁለቱን ቤቶች እንድታይና ተስኪር የሚባለውን ዘገባ እንድታቀርብ ያዝዛል። ዳኛው ከዘገባው ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይወጣም። ስለዚህ ፍርዱ ግማሹ የሚጻፈው በእናንተ ሳሎን ውስጥ ነው።

ያንን ሳሎን አስቡት። ሶሺያሏ ትገባለች። አያት ተነሥታ ትቀበላለች፤ ቡናው ቀርቧል፤ ነጠላዋን አስተካክላ ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። ለባለ ሥልጣን አክብሮት ነውና ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። «ልጁ እንዴት ነው?» ስትባል «እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው» ትላለች። «እናቱ ከሞተች በኋላ ያለቅሳል? ሌሊት ይነቃል?» «ደኅና ነው።» «በትምህርት ቤት ችግር አለ?» «የለም፣ ደኅና ነው።» የቤትን ገበና ለባዳ መናገር ነውር ነው፤ የልጅን ችግር መዘርዘርም ማሳጣት ነው። እውነቱ ግን ልጁ ለወራት በሌሊት እየነቃ አያቱ አልጋ ውስጥ ይገባል፤ አያቲቱ አስተማሪውን ሦስት ጊዜ ሄዳ አናግራዋለች። ዘገባው ላይ የሚሰፍረው ግን ስለ ልጁ ስሜት ብዙ የማታውቅ፣ ዓይን ለዓይን የማትገናኝ አያት ናት። በሌላኛው ቤት ደግሞ አባት በጥሩ ዕብራይስጥ ሁሉን ይዘረዝራል።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በላይ ለዚህ ቀን መዘጋጀት ይጠቅማል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አስተርጓሚው ደግሞ ልጁ ራሱ ወይም የአባቱ እኅት አይሁን። ለልጁ ያደረጋችሁትን በስም፣ በቀንና በቦታ ተናገሩ። ሐኪሙ ማን ነው፣ የክትባት ወረቀቱ የት ነው፣ አስተማሪዋ ማን ትባላለች፣ ልጁ የሚፈራው ምንድን ነው። ወላጅም ብትሆኑ ነገሩ ያው ነው። ከልጁ ርቃችሁ ከነበረ ለምን እንደራቃችሁ፣ ስልክ መደወላችሁን፣ ገንዘብ መላካችሁን በማስረጃ አሳዩ። ስለ ሌላኛው ወገን ክፉ መናገር ግን ለሁለቱም ወገን አይጠቅምም። አባቱን በልጁ ፊት የምታዋርድ አያት፣ ልጁን ከአባቱ ልታቆራርጥ ነው ተብላ ትጻፋለች። አያቲቱን «ያልተማረች» ብሎ የሚንቅ አባትም የልጁን ሥር የማያከብር ተብሎ ይጻፋል። ልጁም የሚሰማበት ሥርዓት አለ፤ የተባበሩት መንግሥታቱ ስምምነት 12ኛ አንቀጽ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን እንዲገልጽ መብት ይሰጠዋል። ልጁን «ዳኛው ሲጠይቅህ እንዲህ በል» ብላችሁ አታስጠኑት። ልምድ ያለው ሰው የተጠና ቃል በአፍታ ያውቀዋል።

ስለ ገንዘብ ሁለት ነገር ብቻ። እናት ስትሞት ከቢቱዋህ ለኡሚ (ከብሔራዊ መድን) ለልጁ የሚመጣ አበል ካለ የልጁ ነው። «ልጁን የፈለገችው ለአበሉ ብላ ነው»፣ «የፈለገው ለአበሉ ብሎ ነው» እየተባባሉ ክስ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ያንን ከመጻፍ ገንዘቡ የት እንደዋለ ደረሰኝ ማቅረብ ይሻላል። በ1959 የወጣው የቀለብ ሕግ ደግሞ፣ ወላጆቹ የማይችሉ ከሆነ፣ አቅም ያለው አያት ለልጅ ልጁ ቀለብ እንዲሰጥ የሚጠየቅበት ሁኔታ እንዳለ ይናገራል። ያለ ሞግዚትነት ግዴታ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ሽማግሌዎችና ቄሶች በዚህ ውስጥ ቦታ አላቸው ወይ? አላቸው፤ ሰፊ ቦታ። አባትና አያት ከጠበቃ ይልቅ ለቄስ ይታዘዛሉ። ችግሩ የእኛ ሽምግልና በምርቃት አልቆ በቃል መቅረቱ ነው። ልጁ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አያቱ ጋር ይሂድ፣ ቅዳሜ ማታ ይመለስ፣ የፋሲካን አጋማሽ እዚህ የሲግድን ቀን እዚያ ያሳልፍ፣ ሕክምናን የሚመለከት ነገር ሲመጣ አባት ይፈርም አያት ትነገር ተብሎ ከተስማማችሁ ጻፉት፤ ለቤተሰብ ፍርድ ቤቱም አቅርባችሁ አስጸድቁት። የጸደቀ ስምምነት የፍርድ ያህል ኃይል አለው። በቃል የቀረው ግን በመጀመሪያው ኩርፊያ ይፈርሳል።

በእኛ ምሳሌ ውስጥ ያለው ፍርድ ምን ይሆናል? አባት ብቁ ከሆነና ከልጁ ጋር ግንኙነቱን ካላቋረጠ ልጁ ወደ አባቱ ይሄዳል፤ በአንድ ቀን ሳይሆን ቀስ በቀስ፣ የአያቱን ቤት ሳያጣ። አባት ለዓመታት ጠፍቶ ከነበረና ልጁ የሚያውቀው ቤት የአያቱ ብቻ ከሆነ፣ ዳኛው በጣም ይጠነቀቃል። ልጁ እዚያው ሊቆይና አባት በግንኙነት ሊጀምር ይችላል። ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ እንኳ ልጁን ከአያቱ ፈጽሞ አይነጥለውም።

በዚህ መንገድ ላይ ያላችሁ ሰዎች በር ከመዝጋታችሁ ወይም ልጁን ከማንሣታችሁ በፊት የሕግ ምክር ጠይቁ። አቅም ለሌለው ሰው የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ ክፍል ጠበቃ ይመድባል። ከ2000 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን የሚሠራው ጠበቃ የተባለው ድርጅትም አለ። ስትሄዱ የልጁን የልደት ወረቀት፣ የሟችዋን የሞት ማስረጃና ፍርድ ቤት ያጸደቀው የፍቺ ውል ካለ እሱን ይዛችሁ ሂዱ።